«የኔ ቫይረስ የትኛው ዓይነት ነው?»

በዚህ ወር ስለ ሄፓታይተስ ቢ እና እርግዝና የጻፋችሁልኝ በርከት ትላላችሁ። ጥያቄዎቹ ስለሚቀራረቡ አራቱን መርጬ በዚህ እትም ሰፋ አድርጌ መልሻለሁ። የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚጠቁም ነገር አውጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ውድ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደሴ ነው፤ ዕድሜዬ 26። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ለክትትል ጤና ጣቢያ ስሄድ ከሌላው ምርመራ ጋር የጉበት ቫይረስም ታየልኝና ፖዘቲቭ ነሽ ተባልኩ። ምንም አያመኝም። ባለቤቴ ሲመረመር ነጻ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሰላም የለውም፤ «ከየት አመጣሽው?» ይለኛል። አሜሪካ ያለችው ታላቅ እህቴም ከዓመታት በፊት ይኸው ቫይረስ ተገኝቶባት ሐኪሞቿ «ጄኖታይፕ ኤ ነው» ብለዋት ነበር። የኔስ የትኛው ዓይነት ነው? መጥፎው ከሆነ ልጄ ይተርፋል? ዓይነቱንስ የት ሄጄ ልመርመር? አማቴ ደግሞ «ለወፍ በሽታ የሚሆን ሥር አለ፤ ጠጪና ይልቀቅሽ» ይሉኛል። እባክዎ ይመልሱልኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የባለቤትሽን ጥያቄ ልመልስ። እሱ ሳይመለስ አንቺም ተረጋግተሽ ክትትልሽን አትጨርሺም።

ሄፓታይተስ ቢ ሰውነት ውስጥ ተደላድሎ መቅረት አለመቅረቱን በዋናነት የሚወስነው ሰውየው የተያዘበት ዕድሜ ነው። ጤነኛ አዋቂዎች ሲይዛቸው ከ100 ሰው 95 ያህሉ በጥቂት ወራት ውስጥ በራሳቸው አቅም ያስወግዱታል። በወሊድ ጊዜ ከተያዙ ሕፃናት ግን ከ10 ዘጠኙ ዕድሜ ልካቸውን ይዘውት ይኖራሉ። በልጅነት የተያዘም ሰው ቫይረሱ የመቆየት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ምንም ሕመም በሌላት በአንቺ ዕድሜ ባለች ሴት ደም ውስጥ ሲገኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ የገባው ገና ሕፃን ሳለች ነው። ከእናቷ ይሆናል፤ አብረዋት ከሚጫወቱ ልጆች ቁስል ይሆናል፤ እንጥል ከተቆረጠችበት ምላጭ ወይም ድዷን ከተነቀሰችበት መርፌም ሊሆን ይችላል። ቫይረሱ በደረቀ ደም ላይ ሳይሞት ቢያንስ ሰባት ቀን ይቆያል። አንቺ ስትወለጂ ደግሞ በአገራችን የሕፃናት ክትባት ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አልነበረም፤ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ፔንታቫለንት የሚባለው የአምስት በሽታዎች ጥምር ክትባት ሲጀመር ነው። የእህትሽም መያዝ የሚጠቁመው ወደ ልጅነታችሁ ቤት ነው።

ይህን ገጽ ለባለቤትሽ አስነብቢው። የአንቺ ፖዘቲቭ መሆን፣ የእሱም ነጻ መሆን፣ ስለ ታማኝነትሽ የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። እሱ ምናልባት ቀድሞ ተይዞ ራሱ ያሸነፈው ሊሆን ይችላል፤ ይህንንም በደም ምርመራ ማየት ይቻላል። ጨርሶ ያልተያዘ ከሆነ ሦስት ዙር ክትባት ይውሰድ፦ አንዱን ዛሬ፣ ሁለተኛውን ከወር በኋላ፣ ሦስተኛውን በስድስተኛው ወር። የኔ ቁጣ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በዚህች ትንሽ የጣት ደም ምርመራ ሰበብ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ወደ ቤተሰቦቿ የመለሰ ሰው አይቻለሁ። የሄደችበት ቦታ ክትትል አልነበራትም፤ የወለደችውም ቤት ውስጥ ነው። ሕፃኑ በመጀመሪያው ቀን ማግኘት የነበረበትን ክትባት ያሳጣው ያ ክስ ነው።

«እንግዲያው የሁለታችን ዓይነት ይመርመርና ከማን እንደመጣ ይታወቅ» የሚሉም አሉ። ያ ምርመራ ይህን ጠብ አይፈታም። በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኘው ጄኖታይፕ ኤ ነው፤ ቀጥሎ ዲ ይመጣል። አንድ አውቶቡስ ውስጥ ተሳፍረው የማይተዋወቁ ሁለት የቫይረሱ ተሸካሚዎች ቢኖሩ ሁለቱም ኤ የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው። የዓይነቱ መመሳሰል ማንንም አይከስም።

አሁን ወደ ጠየቅሽው ዓይነት ልምጣ። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ የዘር መልእክት በጣም አጭር ናት፤ ወደ 3,200 ፊደላት ብቻ። ቫይረሱ ራሱን የሚያባዛበት ኢንዛይም የገለበጠውን መልሶ የማያርም ነው። ብራና ላይ መጽሐፍ የሚገለብጥ ጸሐፊ ያመለጠውን ፊደል ተመልሶ ካላየ፣ ከእሱ የሚቀዳው ሁለተኛው ጸሐፊ ግድፈቱን ጨምሮ ይገለብጣል፤ ቫይረሱም በየቀኑ በብዙ ቢሊዮን ሲባዛ የሚሆነው ይኸው ነው። በሺዎች ዓመታት ውስጥ ግድፈቱ ተከማችቶ፣ በመላው መልእክት ላይ ከ100 ፊደል 8 ያህል የሚለያዩ ቡድኖች ተፈጠሩ። ጄኖታይፕ የምንላቸው እነዚህን ነው፤ ከኤ እስከ ጄ አሥር ተቆጥረዋል። እያንዳንዱ ሰው በኖረበት ምድር አብሮት ኖሯል፦ ቢ እና ሲ በምሥራቅ እስያ፣ ኢ በምዕራብ አፍሪካ፣ ዲ ከሜዲትራኒያን ዙሪያ እስከ መካከለኛው ምሥራቅና ህንድ፣ ኤፍ እና ኤች በአሜሪካ አህጉራት። በኛ አገር ኤ እና ዲ ጎን ለጎን ይገኛሉ። የኛ ኤ በአብዛኛው በአፍሪካ የሚታወቀው ኤ1 የተባለው ንዑስ ዓይነት ነው፤ ዲ10 የሚባለው የዲ ንዑስ ዓይነት ደግሞ መጀመሪያ የተገለጸው ከኢትዮጵያ በተወሰደ ደም ላይ ነው።

ዓይነቱ ለአንቺና ለልጅሽ ለውጥ ያመጣል ወይ? በተዘዋዋሪ መንገድ፣ አዎ። ቫይረሱ በኃይል ሲባዛ ኢ-አንቲጅን የሚባል ፕሮቲን ወደ ደም ይለቃል። ይህ ያለባት እናት ምንም መከላከያ ካላገኘች ከ100 ሕፃናት ከ70 እስከ 90 የሚሆኑት ይያዛሉ። ኢ-አንቲጅን የሌለባት ከሆነች ቁጥሩ ከ10 እስከ 40 ይወርዳል። ጄኖታይፕ ሲ ያለባቸው የምሥራቅ እስያ ሴቶች ኢ-አንቲጅንን ይዘው እስከ መውለጃ ዕድሜያቸው ስለሚቆዩ፣ እዚያ ቫይረሱ በዋናነት የሚተላለፈው ከእናት ወደ ልጅ ነው። ኤ1 ያለባቸው ሰዎች ግን ኢ-አንቲጅንን ገና በወጣትነታቸው ይጥሉታል፤ ስለዚህ በኛ በኩል ብዙ ሰው የተያዘው ከወሊድ በኋላ፣ በልጅነት ጨዋታና በስለት ነው። ለብዙ ኢትዮጵያውያት እናቶች ይህ ደግ ወሬ ነው። አንቺ ከእነዚህ መካከል መሆንሽን ግን በግምት ማወቅ አይቻልም፤ መለካት አለበት።

የዓይነት ምርመራ የሚሠራው የቫይረሱን ፊደላት በሚያነብቡ የምርምር ላብራቶሪዎች ነው እንጂ ለመደበኛ ሕክምና አይደለም። እህትሽን አሜሪካ የመረመሯት ምናልባት ስለ ሕክምና ምርጫ ሲያስቡ ይሆናል፤ ኢንተርፌሮን የሚባለው መርፌ ለኤ ከዲ ይልቅ ስለሚሠራ እዚያ ዓይነቱን መጠየቅ የተለመደ ነው። ኢንተርፌሮን ደግሞ በእርግዝና ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ለዚህ ምርመራ ብለሽ አዲስ አበባ አትንከራተቺ፤ ገንዘብሽንም አታውጪ። ኤ ሆነ ዲ፣ ልጅሽን የምናድንበት መንገድ አንድ ነው።

ያለሽን ገንዘብና ጊዜ በዚህ ላይ አውይው፤ ሳምንት ሳታሳልፊ። ጤና ጣቢያሽ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍልሽ። እዚያ በደምሽ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን (ቫይራል ሎድ የሚሉት)፣ የጉበት ኢንዛይምና ፕላትሌት ይታይ። የቫይረሱ መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ200,000 ዩኒት በላይ ከሆነ፣ ወይም ኢ-አንቲጅን ከተገኘብሽ፣ ቴኖፎቪር የሚባል እንክብል በቀን አንድ ትጀምሪያለሽ። በ28ኛው ሳምንት ላይ መጀመሩ በሰፊው የተለመደ ነው፤ አንቺ እዚያው አፋፍ ላይ ነሽ። ሁለቱም ምርመራ በአካባቢሽ ከሌለስ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ፣ ምርመራው በማይገኝበት ቦታ ቫይረሱ ያለባት ነፍሰ ጡር ሁሉ እንክብሉን መውሰድ እንደምትችል አስቀምጧል። ሐኪምሽ «ቫይራል ሎድ ስለሌለን ምንም ማድረግ አንችልም» ካለሽ ይህን በትሕትና ንገሪው። እንክብሉን ከወለድሽ በኋላ በራስሽ ጊዜ አታቋርጪ፤ ስታቆሚ ጉበት ሊቆጣ ስለሚችል በክትትል ነው የሚቆመው።

ሁለተኛው ነገር የመጀመሪያው ቀን ክትባት ነው። ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ ለብቻው የተዘጋጀውን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ጭኑ ላይ መወጋት አለበት። ፔንታቫለንት የሚጀምረው በስድስተኛው ሳምንት ነው፤ የአንቺ ልጅ ያን ያህል መጠበቅ አይችልም። አሁኑኑ፣ ምጥ ሳይመጣ፣ የምትወልጂበት ቦታ ክትባቱ መኖሩን ጠይቂ። ከሌለ የት እንዳለ አጣሪና እዚያ ለመውለድ ተዘጋጂ። ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባለው መርፌ ከተገኘ ተጨማሪ መከላከያ ነው፤ ውድና ብርቅ ስለሆነ ባታገኚው አትሸበሪ፤ የክትባቱ ሰዓት ግን አይለፍ።

ለቫይረሱ ተብሎ በቀዶ ሕክምና መውለድ አያስፈልግም። ጡትሽን አጥቢ፤ እንክብሉን እየወሰድሽም ቢሆን። ከቤተሰብሽ ጋር ከአንድ መሶብ ብዪ፤ ጉርሻ ቫይረሱን አያስተላልፍም። ምላጭና የጥርስ ብሩሽሽን ብቻ ለይ።

ሥሩንስ? አማትሽ በቅንነት እንደሆነ አይጠፋኝም፤ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ጠጥቶ ሲድን በዓይናቸው አይተው ይሆናል። ያ ሰው አዋቂ ሆኖ አዲስ የተያዘ ከሆነ ሳይጠጣም ይድን ነበር። የአንቺ ቫይረስ ግን በልጅነት የገባ ነው፤ በሥር አይወጣም። መጠኑ የማይታወቅ ሥር ደግሞ ጉበትን ራሱን ሊያቃጥል ይችላል፤ ጽንሱንም ሊጎዳ ይችላል። አማትሽን «ዶክተሯ እስክወልድ ድረስ ከልክላኛለች» በያቸው፤ ጥፋቱን በኔ ላይ አድርጊው። ስትወልጂም ይህን መልስ አትለውጪ።

ጥያቄ፦ የተከበሩ ዶክተር፣ ሐዋሳ የምኖር መምህር ነኝ። የመጀመሪያ ልጃችን የስድስት፣ የአሥርና የአሥራ አራት ሳምንት ክትባቱን አንድም ሳያዛንፍ ወስዷል፤ ካርዱ እጄ ላይ ነው። ሆኖም ሁለት ዓመት ሲሞላው በሌላ ምክንያት ደሙ ቢታይ ሄፓታይተስ ቢ ተገኘበት። እናቱም እንዳለባት ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ የማውቀው ባለሙያ «ቫይረሱ ተለውጧል፤ ክትባት አይዘውም» አለኝ። ባለቤቴ አሁን ሁለተኛ ልጃችንን አርግዛ አራተኛ ወሯ ነው። እውነት ክትባት የማይዘው ከሆነ ምን ተስፋ አለን?

መልስ፦ ጋሼ፣ ተስፋ አለ፤ ያውም ብዙ። ያ ባለሙያ የነገርዎት ነገር በዓለም ላይ አለ፤ በልጅዎ ላይ የደረሰው ግን እሱ ነው ብዬ አላምንም።

ክትባቱ የሰውነትን ወታደሮች የሚያሠለጥነው የቫይረሱ ሽፋን ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ክፍልን እንዲያውቁ ነው። ይህች ክፍል በሁሉም ጄኖታይፖች ላይ ስለምትመሳሰል ክትባቱ ለኤም፣ ለዲም፣ ለሌሎቹም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1990 ግን ከጣሊያን የተዘገበ አንድ ሕፃን ነበር። እናቱ ቫይረሱ ነበረባት፤ ሕፃኑ ክትባቱንም ኢሚውኖግሎቡሊኑንም በወጉ አግኝቶ እያለ ተያዘ። ቫይረሱ ሲነበብ በሽፋኑ 145ኛ ቦታ ላይ ያለው አሚኖ አሲድ ከግላይሲን ወደ አርጂኒን ተቀይሮ ተገኘ። በዚያ ለውጥ ምክንያት የሠለጠኑት ወታደሮች ቫይረሱን መለየት አቃታቸው። ከዚያ ወዲህ ይህና መሰል ለውጦች በብዙ አገሮች ታይተዋል፤ ሳይንቲስቶችም ይከታተሏቸዋል። ሆኖም ክትባቱ በሰፊው በሚሰጥባቸው አገሮች ለአሥርተ ዓመታት በሽታውን ሲያወርድ ኖሯል፤ እነዚህ ለውጦች ክትባቱን አላሸነፉትም።

የልጅዎን ካርድ እንደገና ይዩት። የመጀመሪያው ክትባት በስድስተኛው ሳምንት ነው። እናቱ ቫይረሱ እንዳለባት ማንም አላወቀም፤ በተወለደበት ቀን ምንም አልተወጋም። ቫይረሱ የሚተላለፈው ደግሞ በዋናነት በምጥና በወሊድ ሰዓት፣ ሕፃኑ ከእናቱ ደም ጋር ሲነካካ ነው። ክትባቱ የደረሰው ቫይረሱ ጉበቱ ውስጥ ቤት ከሠራ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ የትኛውም ክትባት፣ ለየትኛውም ዓይነት፣ አይመልሰውም።

የመጀመሪያው ቀን ክትባት ባለበት ቦታም ለምን እንደሚዘገይ ልንገርዎት፤ ስለሚያናድደኝ ነው። ክትባቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው አሥር ሕፃን በሚበቃ ብልቃጥ ነው። አንድ ሕፃን ቅዳሜ ማታ ይወለዳል። አዋላጇ ለአንድ ሕፃን ብልቃጥ ከፍታ ዘጠኙን ዶዝ መጣል ስለሚከብዳት «ሰኞ ስትመጡ ይከተባል» ትላለች። ሰኞ ግን 24 ሰዓቱ አልፏል። ይህ ክትባት ፈሳሽ ስለሆነ ተከፍቶም ቢሆን በትክክለኛው ቅዝቃዜ፣ በ2 እና በ8 ዲግሪ መካከል፣ ከተያዘና ብልቃጡ ላይ ያለው የሙቀት ምልክት ካልተበላሸ እስከ 28 ቀን ይሠራል። ስለዚህ ለአንድ ሕፃን ይከፈት! ደግሞ በረዶ ከነካው ይበላሻል፤ ከማቀዝቀዣው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ የቀዘቀዘ ብልቃጥ ከውጭ ደህና ይመስላል፤ ውስጡ ግን ኃይሉን አጥቷል። አዋላጅ ነርሶች የምታነቡኝ ካላችሁ ይህን ለባልደረቦቻችሁ ንገሩልኝ።

ክትባቱ በሰዓቱ ተሰጥቶም የሚያልፍበት ዋናው ምክንያት የእናቲቱ የቫይረስ መጠን እጅግ ከፍ ሲል ነው። ስለዚህ የባለቤትዎ መጠን አሁን፣ በአራተኛ ወሯ ይለካ፤ ከፍ ያለ ከሆነ ቴኖፎቪሩ በሰዓቱ ይጀመራል። እንክብሉና የመጀመሪያው ቀን ክትባት ሲደመሩ፣ ሦስቱ የፔንታቫለንት ዙሮችም ሲከተሏቸው፣ ሕፃኑ የመያዝ ዕድሉ እጅግ ያነሰ ይሆናል። ከዚያ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ሕፃኑ ሁለት ነገር ይመርመር፤ ቫይረሱ መኖር አለመኖሩ፣ የመከላከያ አቅም መፍጠር አለመፍጠሩ። ከዚያ አስቀድሞ ቢመረመር ክትባቱ ራሱ ለጥቂት ሳምንታት የውሸት ፖዘቲቭ ሊያሳይና ያለ ምክንያት ሊያስደነግጣችሁ ይችላል።

ትልቁ ልጅዎ በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ የጉበት ምርመራ ይደረግለት። አብዛኞቹ በእሱ ዕድሜ ያሉ ልጆች ለጊዜው መድኃኒት አያስፈልጋቸውም። ትምህርት ቤት ይሂድ፣ ኳስ ይጫወት፣ ከጓደኞቹ ጋር ምሳ ይካፈል። እርስዎ መምህር ስለሆኑ ይህን ለትምህርት ቤትዎም ያስረዱ፤ በዚህ ቫይረስ ምክንያት ልጅን ከክፍል ማግለል ተገቢ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። ጎንደር ውስጥ የሕክምና ላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። አንዲት ነፍሰ ጡር ኢ-አንቲጅኗ ኔጌቲቭ ሆኖ ሳለ ናሙናዋ ለቫይራል ሎድ ተልኮ ከ1 ሚሊዮን ዩኒት በላይ ሆኖ ተመለሰ። ሐኪሙ «አንዱ ስሕተት ነው» ብሎ መለሰብኝ። ደገምኩት፤ ያው ነው። ምን ልበለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው በለው። መድገምህም ጥሩ አድርገሃል።

ቫይረሱ ኢ-አንቲጅንን ሳይሠራ መባዛት ይችላል። በጣም የታወቀው መንገድ በ1896ኛው ፊደል ላይ ያለው ጂ ወደ ኤ ሲቀየር ነው። ያ ለውጥ «እዚህ ላይ አቁም» የሚል ምልክት ይፈጥራል፤ ፕሮቲኑ ተቋርጦ ይቀራል፤ ቫይረሱ ግን መባዛቱን አያቆምም። ጄኖታይፕ እዚህ ላይ ነው ትርጉም የሚያገኘው። 1896ኛው ፊደል በመልእክቱ መታጠፊያ ላይ ከ1858ኛው ጋር ይጣመራል። በጄኖታይፕ ኤ በአብዛኛው 1858 ላይ ያለው ሲ ነው፤ ከጂ ጋር ጥሩ ይያያዛል፤ ለውጡ ቢመጣ ጥምረቱ ስለሚፈታ ቫይረሱ ራሱ አይፈልገውም። በጄኖታይፕ ዲ ግን 1858 ላይ ቲ ስላለ ለውጡ ጥምረቱን ያጠብቀዋል፤ ስለዚህ በዲ በብዛት ይታያል። ኤ1 ደግሞ ሌላ መንገድ አለው፤ ከ1809 እስከ 1812 ባለው አካባቢ ባሉ ለውጦች ኢ-አንቲጅንን ይቀንሳል። በሁለቱም ዓይነት የሚታየው የ1762 እና የ1764 ጥንድ ለውጥም ያንኑ ያደርጋል። ኤ እና ዲ ጎን ለጎን ባሉበት አገር እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት ብታገኝ ሊገርምህ አይገባም።

ለሐኪሙ የሚቀረው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ኢ-አንቲጅን ኔጌቲቭ መሆን ብቻውን መተማመኛ አይሆንም። ቫይራል ሎድ ከተገኘ የሚታመነው እሱ ነው። ይህች እናት ቴኖፎቪር ያስፈልጋታል። ሕፃኗም የመጀመሪያውን ቀን ክትባት ሊያጣ አይገባም፤ ኢ-አንቲጅን ከሌላቸው እናቶች የተያዙ አንዳንድ ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ወራት በድንገት በሚከፋ የጉበት ብግነት እንደሚጠቁ ይታወቃል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፤ የሙያ አጋሬ ስለሆንክ። የዚህ ቫይረስ ጂኖች ተደራርበው ነው የተጻፉት፤ የኢንዛይሙ ጂን የሽፋኑን ጂን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ላሚቩዲን ብቻውን ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ ኢንዛይሙ 204ኛ ቦታው ላይ ይቀየርና መድኃኒቱን ይቋቋማል፤ ያው ለውጥ ሽፋኑንም ሊነካው ይችላል። ቴኖፎቪር የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይህን ዓይነት መቋቋም እምብዛም ስላልታየበት ነው። ኤችአይቪም ያለባት እናት ከሆነች በአገራችን የምትወስደው ጥምር እንክብል ውስጥ ቴኖፎቪር ስላለ ሁለቱም በአንድ ይታከማሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የተጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምናም በዚሁ ቴኖፎቪር ላይ የተመሠረተ ነበር።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከአዳማ ነው የምጽፈው። የዛሬ አራት ዓመት ሳዑዲ ለመሄድ ሜዲካል ሳደርግ በጉበት ቫይረስ ምክንያት «አንፊት» ተባልኩ። አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም። አሁን አግብቼ የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ነርሷ «የታወቀ በሽታ አለብሽ?» ስትለኝ የለም አልኳት። ድጋሚ ቢመረምሩኝ ጠፍቶ ይሆን? ባሌ ቢያውቅስ?

መልስ፦ ልጄ፣ በራሱ የመጥፋት ነገር በጣም ጥቂት ሰው ላይ፣ ከ100 አንድ ያህል በዓመት፣ የሚሆን ነው። ጠፍቶ ይሆናል ብለሽ አትጠብቂ። ያ ወረቀት የአገሪቱ የሥራ ቅጥር መስፈርት ነው፤ ስላንቺ ጉልበትም፣ ስለ ጠባይሽም፣ ስለ እናትነትሽም የሚለው የለም። በኢትዮጵያ ከ100 ነፍሰ ጡሮች 5 ገደማ ይህ ቫይረስ ይገኝባቸዋል፤ በምትወልጂበት ክፍል ውስጥ ከሚተኙት መካከል አንቺ ብቻ አትሆኚም።

ሁለት ወር ላይ መሆንሽ ጥሩ ነው፤ ጊዜ አለሽ። በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ለነርሷ ለብቻዋ ንገሪያት፤ ምርመራው ለማንኛውም ይሠራልሻል፤ ከአራት ዓመት በፊት እንደነበረብሽ ማወቋ ግን ቫይረሱ የቆየ መሆኑን ያረጋግጥላትና ሪፈሩን ያፋጥነዋል። በካርድሽ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ምጥ በሌሊት ሲመጣ የምትቀበልሽ አዋላጅ ሌላ ሰው ልትሆን ትችላለች፤ ክትባቱን የምታዘጋጀው ከካርዱ አንብባ ነው። ምስጢርሽን የመጠበቅ ግዴታ አለባት።

ለባልሽ መንገሩን በተመለከተ፣ ከፈለግሽ ነርሷ ባለችበት፣ እሷ እያስረዳች ንገሪው። ለደሴዋ እህትሽ የመለስኩትን ከላይ አብራችሁ አንብቡት። እሱም ተመርምሮ ይከተብ። እናትሽና ወንድም እህቶችሽም ይመርመሩ፤ በልጅነት ከገባ ከእነሱ መካከል ሳያውቅ የሚሸከመው ሌላ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ጉበቱ ሳይጎዳ ከተደረሰበት የሚታከም ነው።